የሕጋችን አያት ቤት፦ አንድ እሑድ በቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት

ባለፈው ታኅሣሥ አጎቴን ለሕክምና ይዤ ሙምባይ በሄድኩ ጊዜ፣ ከሐኪም ቀጠሮ ነጻ የሆነች አንዲት እሑድ ተገኘች። አጎቴ ሆቴላቸው ውስጥ ዐርፈው መዋልን መረጡ፤ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ስነሣ ጀምሮ በልቤ ይዤው ወደ ነበረው ቦታ ለመሄድ ተዘጋጀሁ። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ዓመቱን ሙሉ ችሎት ለችሎት የዞርከው አልበቃ ብሎህ በሰው አገር ደግሞ ፍርድ ቤት ልታይ ነው?» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ጠበቃ ዕረፍት ሲያገኝ ባሕር ዳር ሄዶ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። ይሁን እንጂ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለአንድ ኢትዮጵያዊ የሕግ ባለሙያ ተራ የቱሪስት መዳረሻ አይደለም። በየቀኑ በእጃችን የምንይዘው የሥነ ሥርዓት ሕግ ዘመዶች እዚያ ይኖራሉ፤ እኔም የሄድኩት እንደ ዘመድ ጥየቃ ቆጥሬው ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ላስቀድም። ከተማይቱ ሙምባይ ከተባለች ከ1995 ወዲህ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ፍርድ ቤቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በአሮጌው ስም፣ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተብሎ ነው። ስለዚህ እኔም እንዲሁ እጠራዋለሁ። ቀኖቹንና ዓመቶቹንም የኛ መሆናቸውን ካልገለጽኩ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ቤቱ ዛሬም ሥራ ላይ ያለ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ በአስጎብኚ የሚመራው የቅርስ ጉብኝት የሚካሄደው ችሎት በማይዋልባቸው ቅዳሜና እሑድ ነው። ዝግጅቱን የማሃራሽትራ ግዛት ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በ2021 የጀመረው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ባለጉዳይ ወይም የሕግ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ይህን ቤት ከውስጥ የሚያይበት ምክንያት እምብዛም አልነበረውም። በዚያ ጠዋት ዐሥራ አምስት ያህል ሆነን ተሰበሰብን። አብዛኞቹ የከተማይቱ ተወላጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ የሕግ ተማሪዎች፣ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ያስከተሉ ወላጆች፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ጠበቃም ነበሩበት። ከውጭ አገር የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አስጎብኚያችን ቀልጣፋ ወጣት ሴት ስትሆን፣ እንግሊዝኛዋ ፈጣን፣ ድምፅዋም ለአዳራሽ የተፈጠረ ነበር።

ጉብኝቱ የሚጀምረው ከቤቱ ውጭ ነው፤ ይህም ትክክል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቤቱ በመጀመሪያ የታሰበው ከሩቅ እንዲታይ ነው። በምዕራብ በኩል ኦቫል የሚባለው ሰፊ መስክ አለ፤ እሑድ ጠዋት ላይ ከዳር እስከ ዳር ክሪኬት በሚጫወቱ ልጆች ይሞላል። ከመስኩ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው የቀድሞውን የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ የዩኒቨርሲቲውን የምረቃ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከራጃባይ የሰዓት ማማ ጋር፣ ከዚያም ፍርድ ቤቱን በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ያገኛቸዋል። ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢመልስ ደግሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከባሕር በተወሰደ መሬት ላይ አርት ዴኮ በሚባለው የግንባታ ስልት የተሠሩ መኖሪያ ቤቶችን ያያል። ዩኔስኮ በ2018 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እነዚህን ሁለት ረድፎች አንድ ላይ አድርጎ ነው፤ በመሐላቸው ያለው የልጆች መጫወቻም አብሮ ተመዝግቧል።

ይህ ሁሉ ድንጋይ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ጥጥ ነው። ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ሲካሄድ የደቡቡ ጥጥ ወደ እንግሊዝ ፋብሪካዎች መድረሱ ተቋረጠ፤ የቦምቤይ ነጋዴዎችም በዚያ ክፍተት ገብተው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሀብት በሀብት ሆኑ። ገዥው ባርትል ፍሬር በዚሁ ጊዜ የድሮውን ምሽግ ቅጥር አፍርሶ በተገኘው ቦታ ላይ ከተማዋን በሕዝብ ሕንፃዎች የማስጌጥ ሥራ አስጀመረ። የከፍተኛው ፍርድ ቤት መቋቋም ከዚህ ጋር ተገጣጠመ፤ በ1861 የወጣው የእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ በሕንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙ ፈቅዶ ስለነበር፣ የቦምቤዩ ነሐሴ 14 ቀን 1862 ሥራ ጀመረ። የራሱን ቤት ግን ወዲያው አላገኘም። የአሁኑን ሕንፃ ንድፍ ያወጣው ጄምስ አውጉስተስ ፉለር የተባለ የጦር መሐንዲስ ነው፤ ግንባታው በሚያዝያ 1871 ተጀምሮ በኅዳር 1878 አለቀ፤ ዳኞቹም በጥር 1879 ገቡበት።

ርዝመቱ 562 ጫማ፣ ወርዱ 187 ጫማ ነው፤ በእኛ መለኪያ 171 ሜትር በ57 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ግድግዳው ጠቆር ካለው ከአካባቢው ባዛልት ተገንብቷል። አሠራሩ ጎቲክ የሚባለው፣ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ካቴድራሎች የተሠሩበት ስልት ነው፦ ሾጣጣ ቅስቶች፣ ቀጫጭን ዓምዶች፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ጣራ። ከትልቁ መግቢያ ግራና ቀኝ ስምንት ማዕዘን ያላቸው ሁለት ማማዎች ቆመዋል፤ በላያቸውም የፍትሕና የምሕረት ሐውልቶች ይታያሉ። አስጎብኚያችን የወጪውን ነገር ስታነሣ እኔ ደግሜ ጠየቅኋት፤ የሰማሁትን ማመን አልቻልኩምና። ሥራው የፈጀው 1,644,528 ሩፒ ነበር፤ ከተፈቀደው በጀትም 2,668 ሩፒ ተርፏል። የመንግሥት ግንባታ አልቆ መልስ የተመለሰበትን አጋጣሚ በሕይወቴ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ይህን ቁጥር ከሌላው ሁሉ ይልቅ አጥብቄ ያዝኩት።

ከመስኩ ላይ ቆሜ ሳየው በአእምሮዬ የተመላለሰው ግን የእኛ የጥንቱ ችሎት ነበር። በእኛ አገር ዳኝነት ለረጅም ዘመን ቤት አልነበረውም። ዳኛው ከዋርካ ሥር ይቀመጣል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ይመጣሉ፤ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በግጥምና በተረት ይሟገታሉ፤ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ ያዳምጣል፣ አስተያየት ይሰጣል። መንገደኛውን ባለበት የሚያቆመው ግንብ ሳይሆን «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ነበር። ይህን የምለው የድሮውን ለማሞገስ አይደለም፤ ከዋርካው ሥር ደሃ ስንት ጊዜ እንደተረታ የሽማግሌዎች ጨዋታ ይነግረናል። ነገር ግን ቃል ብቻውን ሰውን ማስቆም በሚችልበት አገር ዳኛ ቤተ መንግሥት የሚያክል ሕንፃ አያስፈልገውም። ፉለር የሠራው ቤት ግን የተሠራው ሕጉን የማያውቀው፣ ሕጉ የሚነገርበትንም ቋንቋ የማይሰማው ሕዝብ ቀና ብሎ እንዲያይ ነው። እንግዳ የሆነ ሕግ ክብሩን ከድንጋይ መበደር ነበረበት።

ወደ ውስጥ ስንገባ ስልኮቻችንን እንድንዘጋ ተነገረን። መሐል ለመሐል የሚያልፈው መተላለፊያ ቅስቶቹ እርስ በርስ የተያያዙበት፣ ከነጭ ለስላሳ ድንጋይ የተሠራ ነው። ከጥቁሩ ባዛልት ፀሐይ ተነሥቶ ወደዚህ ነጭ ጥላ ሲገቡ ዓይን ለጥቂት ጊዜ ይደናገራል። ድንጋዩ የመጣው በጉጃራት ባሕር ዳር ካለችው ከፖርባንዳር ከተማ ነው። ይህን ስሰማ ከአስጎብኚዋ ቀድሜ ፈገግ አልኩ፤ ፖርባንዳር ጋንዲ የተወለዱባት ከተማ ናትና። የዚህ ቤት መሠረት ሲጣል ገና የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ነበሩ። በ1891፣ በ22 ዓመታቸው፣ ከለንደን ተመርቀው ተመልሰው በዚሁ ፍርድ ቤት በጠበቃነት ተመዘገቡ። ያን ጊዜ ግን ነገር አልሆነላቸውም። ራሳቸው በኋላ እንደተረኩት፣ ልምድ ለመቅሰም በየቀኑ እዚህ እየመጡ ተቀምጠው ክርክሩ ሳይገባቸው ሲቀር ያንቀላፉ ነበር፤ የሚያንቀላፉት እርሳቸው ብቻ አለመሆናቸውን ሲያዩም ኀፍረቱ ለቀቃቸው። የመጀመሪያ ጉዳያቸውን በከተማይቱ የአነስተኛ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ይዘው ሲቆሙ ደግሞ ለምስክሩ የሚያቀርቡት መስቀለኛ ጥያቄ ከራሳቸው ጠፍቶ ተቀመጡ፤ የተቀበሉትን 30 ሩፒም መለሱ። ጀማሪ ጠበቆች ይህን ታሪክ ግድግዳቸው ላይ ቢለጥፉት አይቆጨኝም። እኔም የመጀመሪያ ችሎቴ ላይ ጉሮሮዬ የደረቀበትን ቀን አልረሳሁትም፤ ገንዘቡን ግን አልመለስኩም።

ከመተላለፊያው ወጥተን በሰገነቶቹ ስንሄድ ልጆቹ ሲጠብቁት የነበረው ተራ ደረሰ፤ ይኸውም የዝንጀሮው ዳኛ ነው። በቤቱ ዓምዶች ራስጌ ላይ ከድንጋይ የተፈለፈሉ ብዙ እንስሳት አሉ። ከእነዚህም አንዱ አንድ ዓይኑን የተሸፈነ፣ ሚዛን የያዘ ዝንጀሮ ሲሆን፣ በሌላ ቦታ ደግሞ የጠበቃ ነጭ የአንገት ጥብጣብ ያደረጉ ቀበሮዎች ይታያሉ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ከዋናው ተቋራጭ ሥራ የተቀበለ አንድ ፓርሲ በክፍያ ተጣልቶ ተካሰሰና ተረታ፤ ከዚያም ዳኛውን በዝንጀሮ፣ ጠበቆቹን በቀበሮ መስሎ ለዘለዓለም በድንጋይ ቀረጻቸው። ፓርሲዎች ከጥንት ጊዜ ጀምሮ ከፋርስ የፈለሱ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ናቸው፤ በቦምቤይ ንግድና ግንባታ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። አስጎብኚዋም ወሬውን የተናገረችው እንደ ተረት እንጂ እንደ ታሪክ አልነበረም፤ ይህን ጥንቃቄዋን ወደድኩላት። እኔ ግን እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። በእኛ ዘንድ የተረታ ሰው ይግባኙ ሲያልቅበት ወይ ወደ ሰማይ ይጮኻል ወይ ግጥም ይገጥማል። ሰም ለበስ ቅኔን ወደ ድንጋይ ብንመልሰው ያንን ዝንጀሮ ይመስል ነበር፤ ዳኞቹም በየጠዋቱ በሥሩ ያልፋሉ።

ከዚያ ጠመዝማዛውን ደረጃ ወጥተን ማዕከላዊው ችሎት ደረስን፤ ቁጥሩ 46 ነው። እስከ አሁን የተመላለሰው ሹክሹክታ እዚህ ቆመ። አዳራሹ ከዋናው መተላለፊያ በላይ ያለ ሲሆን፣ ለወንጀል ችሎት ታስቦ የተሠራ ነው። በሦስት ወገን የሕዝብ መቀመጫ የሚሆን በቲክ እንጨት የተቀረጸ ሰገነት ዞሮታል፤ ጣራውም እንዲሁ ከጠቆረና ከተወለወለ ቲክ የተሠራ ነው። እንጨቱ ድምፅን የመያዝ ባሕርይ ስላለው፣ በዳኛው ወንበር አጠገብ ሆና አስጎብኚዋ በዝግታ የተናገረችው ከበሩ አጠገብ ለቆምነው በግልጽ ይሰማን ነበር። ይህንን ያስተዋልኩት በሙያ ልማድ ነው፤ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ክርክራችን ከኋላ ለተቀመጠው ባለጉዳይ አይሰማም፤ እርሱም ስለ ራሱ ጉዳይ የተባለውን ሲወጣ ይጠይቀናል።

በዚህ አዳራሽ ከሐምሌ 13 እስከ 22 ቀን 1908 ባል ጋንጋዳር ቲላክ ተከሰው ቆሙ። ቲላክ ኬሳሪ የሚባል በማራቲ ቋንቋ የሚታተም ጋዜጣ አዘጋጅ፣ በምዕራብ ሕንድ የነጻነት ትግል ውስጥ ስማቸው ከሁሉ በላይ የገነነ ሰው ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ በሙዛፋርፑር አንድን ዳኛ ለመግደል የተወረወረ ቦምብ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶችን ገደለ። ቲላክ በጋዜጣቸው ድርጊቱን ሳይደግፉ፣ ነገር ግን ሕዝቡን ወደዚህ የገፋው የመንግሥት አገዛዝ ነው ብለው ጻፉ፤ በዚህም ምክንያት ሕዝብን በመንግሥት ላይ በማነሣሣት ወንጀል፣ በወንጀለኛ መቅጫው አንቀጽ 124ሀ ተከሰሱ። ዳኛው ዲንሻው ዳቫር ይባላሉ፤ ሕንዳዊ፣ ፓርሲ ናቸው። ነገሩን መራራ የሚያደርገው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1897፣ ቲላክ በዚሁ አንቀጽ ተከሰው በነበረ ጊዜ የዋስትና ጥያቄያቸውን ተከራክረው ያስፈቀዱላቸው ጠበቃ እኚሁ ዳቫር መሆናቸው ነው። በ1908 ግን ከዳኛው ወንበር ላይ ሆነው የቲላክን የዋስትና ጥያቄ ከለከሉ። ጥያቄውን ያቀረበው ጠበቃ ሙሐመድ አሊ ጂና ነበር፤ በኋላ የፓኪስታን መሥራች የሆነው ሰው ነው።

ቲላክ ጠበቃ ሳያቆሙ ራሳቸው ተከራከሩ፤ የመከላከያ ንግግራቸው ለቀናት የተራዘመ ሲሆን ሲደመር ከ21 ሰዓት በላይ ፈጀ። አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር ሰው ሁሉ በመደነቅ አጉረመረመ፤ እኔ ግን የደነቀኝ ርዝመቱ ሳይሆን አብዛኛው ጊዜ የጠፋበት ነገር ነው። ጽሑፎቹ የተጻፉት በማራቲ ነው፤ ለችሎቱ የቀረቡት ግን በእንግሊዝኛ ተተርጉመው ነው። ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት የጁሪ አባላት ዘጠኝ ነበሩ፤ ሰባቱ አውሮፓውያን ሲሆኑ ሁለቱ ፓርሲዎች ነበሩ። ቲላክ ለእነዚህ ሰዎች ቃል በቃል እየጠቀሱ፣ ትርጉሙ የቱ ላይ እንደከረረ፣ የቱ ላይ እኔ ያላልኩትን እንዳለብኝ እያሉ አስረዱ። አንድ ሰው በቋንቋው የጻፈውን ነገር በሌላ ቋንቋ ሊከላከል ተገደደ፤ የሚፈርዱበት ሰዎችም ዋናውን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም። በ1897ቱ ክስ ዳኛ ስትራቺ፣ በሕጉ የተከለከለው ስሜት ለመንግሥት ፍቅር ማጣት ማለት ነው ብለው ለጁሪው ተርጉመው ነበር። ፍቅር በማጣት የሚያስቀጣ ሕግ በማን ቋንቋ ቢተረጎም ያምራል?

በመጨረሻው ቀን ማታ ጁሪው ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ጥፋተኛ ናቸው አለ። ዳኛ ዳቫር የሚሉት ነገር እንዳለ ሲጠይቋቸው፣ ቲላክ የጁሪው ውሳኔ ቢኖርም ንጹሕ መሆናቸውን፣ የሰዎችንና የሕዝቦችን ዕጣ የሚገዛ ከዚህ ችሎት የሚበልጥ ኀይል መኖሩን፣ የቆሙለት ዓላማም ምናልባት እርሳቸው ነጻ ሆነው ከሚኖሩ ይልቅ በመከራቸው ይበልጥ ይለመልም ዘንድ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ከአገር ርቀው እንዲታሰሩ ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። በማግስቱ 52 ዓመት ይሞላቸው ነበር። እስከ 1914 በበርማ፣ በማንዳሌ እስር ቤት ቆዩ፤ የቦምቤይ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞችም ፍርዱን ተቃውመው ስድስት ቀን ሥራ አቆሙ። ይህን ቤት ያስገነባው ጥጥ ነበር ካልን፣ በቤቱ ላይ መጀመሪያ ያመፁትም ጥጥ ፈታዮቹ ናቸው።

የተናገሯቸው ቃላት ዛሬ በዚያው ችሎት በር አጠገብ በሰሌዳ ተቀርጸው ይነበባሉ። ሰሌዳውን በ1956፣ ቲላክ በተወለዱ በመቶ ዓመታቸው፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ቻግላ ናቸው መርቀው የከፈቱት። አንድ ፍርድ ቤት የራሱን ፍርድ ስሕተት ነበር ብሎ በገዛ ግድግዳው ላይ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። አንብቤው ስጨርስ ያሰብኩት ስለ ሥነ ሥርዓት ነበር። በዚያ ክስ ሥርዓቱ ተሟልቷል፦ ክሱ ተነቧል፣ ማስረጃ ቀርቧል፣ ተከሳሹ ቀናት ሙሉ ሳይከለከል ተናግሯል፣ ጁሪ ተቀምጧል። የጎደለው ፍትሑ ብቻ ነው። ነገር ግን ያው ሥርዓት የተባለውን ሁሉ በመዝገብ ስላሰፈረ፣ የተፈረደበት ሰው ቃል ከፈራጁ ቃል በላይ ዕድሜ አገኘ። ይህን ነገር ወደ አንድ ወገን አዘንብዬ መጨረስ አልቻልኩም፤ አሁንም አልቻልኩም።

ያ ሐምሌ በእኛ አቆጣጠር 1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው 1900 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር፣ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ቅኝ ያልተገዛው አገር ለዳኝነት መሥሪያ ቤት ባቋቋመበት ዓመት፣ ቅኝ በተገዛው አገር ትልቁ ችሎት ትልቁን ሰው ወደ ስደት ላከ። ሦስተኛው ነገር ደግሞ እኔን ወደዚያ ቤት የወሰደኝ ነው፤ የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው በዚያው በ1908 ነው። የእኛ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲዘጋጅ ከምንጮቹ ዋነኛው ይህ የሕንድ ሕግ ነበር።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ እንዳረቀቁት ነው፤ የመብቱ ሕግ ከፈረንሳይ መንደር፣ መብቱ የሚጠየቅበት መንገድ ደግሞ በሕንድ በኩል ከእንግሊዝ መንደር መምጣቱን ግን ከሕግ ትምህርት ቤት ውጭ የሚያነሣው የለም። ዝምድናው የሩቅ አይደለም። በፍርድ ያለቀ ነገር ዳግም ክስ እንዳይቀርብበት የሚከለክለው የእኛ አንቀጽ 5፣ ከሕንዱ አንቀጽ 11 ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ ወንድማማች መሆናቸው ወዲያው ይታወቃል። በፊተኛው ክርክር ሊነሣ ይችልና ይገባ የነበረ ነገር ሳይነሣ ቢቀርም እንደተነሣ ይቆጠራል የሚለው ሐሳብ በሁለቱም ውስጥ አለ፤ እንግሊዝኛቸውማ ቃል ለቃል ነው ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። አማርኛው ነው የተቸገረው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ንዑስ አንቀጽ አልገባ ሲለን መምህራችን «እስቲ እንግሊዝኛውን እዩት» ይሉን ነበር። ሕጉ በጸናበት ቋንቋ ያልገባንን በሌላ ቋንቋ እናጣራለን፤ ይህ ልማድ ዛሬም በየጠበቃው ቢሮ አለ። የቲላክ ነገር ከሁሉ ይልቅ የነካኝ በዚህ ምክንያት ይሆናል። እርሳቸው ከማራቲ ወደ እንግሊዝኛ በተደረገ ትርጉም ተጎዱ፤ እኛ ማንም ሳያስገድደን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በተደረገ ትርጉም ውስጥ ተቀምጠን እንከራከራለን።

ከ46 ቁጥር በኋላ ያለው የጉብኝቱ ክፍል ቶሎ ያልፋል። በ2015 የተከፈተ አነስተኛ ሙዚየም አለ፤ የጋንዲ የጥብቅና ምዝገባ ሰነድ፣ የድሮ የችሎት ዕቃዎችና ሌሎች ወረቀቶች በመስተዋት ውስጥ ይታያሉ። አምቤድካር በ1923 በዚህ ቤት ጥብቅና መጀመራቸውን አስጎብኚዋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሳ አለፈች። ቅር ያለኝ እዚህ ላይ ነው። «አይነኬ» ተብሎ ከውኃ ጉድጓድ ይከለከል ከነበረ ወገን ተወልደው፣ በዚህ ቤት ካባ ለብሰው የተከራከሩና በኋላ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩ ሰው፣ ለዝንጀሮው ከተሰጠው ጊዜ እኩሌታው ቢሰጣቸው ምን ነበረበት? ድንጋዩን ስለጠረቡት፣ ቲኩን ስለቀረጹት ሠራተኞችም የሰማነው ነገር ከተረቱ አያልፍም። ቱሪስትን ማስደሰትና ታሪክን መናገር አንድ ላይ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ሁለተኛው ነው።

ስለ ጁሪ የጠየቀችው ከሕግ ተማሪዎቹ አንዷ ናት፤ አሁንም አለ ወይ አለች። የለም። በ1959 አንድ የባሕር ኃይል መኮንን፣ ናናቫቲ፣ የሚስቱን ወዳጅ ተኩሶ ገድሎ የከተማይቱ ጁሪ ስምንት ለአንድ ነጻ አወጣው፤ ይህ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ውሳኔውን ሽሮ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ጁሪ ከሕንድ ቀስ በቀስ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። አንቀጽ 124ሀ ግን ከነጻነትም በኋላ ብዙ ቆየ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥራ ላይ እንዳይውል ያገደው በ2022 ነው። ገዥዎቹ ሲሄዱ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ትተው ነበር የሄዱት፤ ባለቤቶቹም የትኛውን እንደሚጥሉ ለመወሰን ጊዜ ወሰደባቸው።

ቤቱ ራሱም ለባለጉዳዩ ጠብቧል። በ2024 ባንድራ በተባለው ሰፈር ለአዲስ የፍርድ ቤት ግቢ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል። አሮጌው ቤት ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆንለት በመሐላችን ክርክር ተነሣ፤ ገሚሱ ሙዚየም ይሁን አለ፤ ሽማግሌው ጠበቃ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። አርባ ዓመት እዚህ መመላለሳቸውን፣ ችሎት የሌለበት ችሎት አዳራሽ ቅዳሴ እንደሌለበት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሆንባቸው ነገሩን። ምሳሌያቸውን ወደ እኛ አማርኛ መልሼው ሊሆን ይችላል፤ እርሳቸው ያሉት ቤተ መቅደስ ነው።

ወደ መውጫው ስንወርድ አጠገቤ መጡና «ከየት ነህ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እናንተን እንግሊዝ አልገዛችሁም፤ ታዲያ ሕጋችሁን ከየት አመጣችሁት?»

«የሥነ ሥርዓቱን ከእርስዎ አገር ነው» አልኳቸው።

የቀለድኩ መስሏቸው ቆሙ። አንቀጽ 5ን በቃሌ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ስጀምርላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ዓይናቸውን ከድነው የራሳቸውን አንቀጽ 11 ከእኔ ጋር ያነበንቡ ጀመር፤ ሊነሣ ይችልና ይገባ የነበረ የሚለው ላይ ስንደርስ ድምፃችን አንድ ሆነ። አስጎብኚዋ ዞር ብላ አየችን። ሽማግሌው ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ ክንዴን ያዝ አድርገው ጥቂት ደረጃ ከወረዱ በኋላ፣ «እናንተ ዘንድ አንድ የመሬት ክርክር እስኪያልቅ ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁኝ።

በእጄ ያለ አንድ መዝገብ ትዝ አለኝ፤ ሦስት ጊዜ ይግባኝ ተብሎበት ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አየህ፣ ምንም ሳታስቀሩ ነው የወሰዳችሁት» አሉኝ፤ የደረጃውን እጀታ ይዘው እየሳቁ ወረዱ።